አጥቂን የመመከት ወሰን፦ ‹ደፍዑስ-ሷኢል› በሶሐቦች ፍርድና በፉቀሃእ ድርሳናት

ገንዘቡን ከቀማኛ ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ መሆኑን የሚያስረዳው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የሰፈረ፣ በሚንበርም በሐለቃም አዘውትሮ የሚሰማ ነው። ዘገባው የተነገረበት አጋጣሚ ግን ከሐዲሱ ጋር አብሮ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኒል ዓስ (ረ.ዐ) እና በሙዓዊያ ወንድም በዐንበሳ ኢብኑ አቢ ሱፍያን መካከል ጠብ ተነሥቶ ለውጊያ እስከ መሰናዳት ተደርሶ ነበር። ኻሊድ ኢብኑል ዓስ ይህን ሰምቶ ወደ ዐብዱላህ በመጋለብ ይመክረው ጀመር። ዐብዱላህ ሐዲሱን ያወሳው ለዚህ ምክር በሰጠው መልስ ነው። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በፈትሑል ባሪ ካሰባሰቧቸው ዘገባዎች እንደምንረዳው የጠቡ መንሥኤ ውሃ ነበር። ሹም የነበረው ዐንበሳ ለመሬቱ የውሃ ቦይ ሲያስጠልፍ ከዐምር ቤተሰብ ግንብ ዘንድ ደረሰ፤ ግንቡን ሰርስሮ ውሃውን ለማሳለፍ ፈለገ፤ ዐብዱላህና መዋሊዎቹም መሣሪያ ይዘው ወጡ።

የኡሱል ሊቃውንት መመዘኛው የቃሉ ጠቅላይነት እንጂ የአጋጣሚው ልዩነት እንዳልሆነ ስለሚያስተምሩ፣ ሐዲሱን በዚህ አጋጣሚ ብቻ ልገድበው አልሻም። ይሁንና ሐዲሱ በዚህ ቃሉ የሚናገረው ስለተገደለው ሰው አጅር ነው። የሚከላከለው ሰው አጥቂውን የሚገድለው መቼ እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደሆነ፣ ከገደለ በኋላ ምን እንደሚጠየቅ የሚወሰነው በሌሎች ማስረጃዎች ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል! ሌባ ተብሎ ተይዞ፣ እጁ ከታሰረ በኋላ በዱላ ሕይወቱ ስላለፈ ሰው ሲወራ፣ ይህ ሐዲስ ለገዳዮቹ መከላከያ ሆኖ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ፉቀሃእ ‹ደፍዑስ-ሷኢል› ማለትም ‹አጥቂን መመከት› ያሉትን ባብ ያዳበሩት በዋነኛነት የዚህን ፈቃድ ወሰን ለማበጀት መሆኑን፣ ለወሰኑም ከሁሉ የከበደው መለኪያቸው የእርዳታ መቅረብና መራቅ መሆኑን ነው።

የሐዲስ ዘገባዎቹ ራሳቸው ወደዚህ ይመራሉ። በሙስሊም ሶሒሕ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ዘገባ አንድ ሰው ገንዘቡን ሊወስድበት ስለሚመጣ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ይጠይቃል፤ እንዳይሰጥ፣ ቢጋደለውም እንዲጋደል ይነገረዋል፤ እርሱ ቢገደል ሸሂድ እንደሆነ፣ አጥቂው ቢገደል ደግሞ መጨረሻው እሳት እንደሆነ ያውቃል። መልሱ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው። ኢማም አን-ነሳኢ (303 ሂ.) በሱነናቸው ያሰፈሩት የቃቡስ ኢብኑ ሙኻሪቅ ዘገባ ግን ተመሳሳዩን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ያስኬደዋል። ባለገንዘቡ መጀመሪያ አጥቂውን በአላህ እንዲያስታውሰው ይታዘዛል። ካልሰማ በዙሪያው ካሉ ሙስሊሞች እርዳታ ይጠይቃል። ማንም ከሌለ በሱልጣኑ ይታገዛል። ሱልጣኑ ከራቀ ነው ወደ መጋደል የሚሸጋገረው። ምክር፣ ጎረቤት፣ መንግሥት፣ ከዚያ በኋላ ሰይፍ! ፉቀሃእ በኋላ ዘመን የገነቡት መሰላል እርከኖቹ በሙሉ እዚህ ዘገባ ላይ ይታያሉ ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የሶሐቦች ፍርድ

በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የተፈጸመ አንድ ጉዳይ በዐብዱረዛቅ ሙሶነፍ ውስጥ ተዘግቧል፤ የየመዝሀቡ ፉቀሃእም አውስተውታል። አንድ ሰው ከሁዘይል ጎሣ የሆኑ እንግዶችን ያስተናግዳል። ከቤቱ ያለች ልጅ እንጨት ለመልቀም ስትወጣ ከእንግዶቹ አንዱ ተከትሏት ሊደፍራት ይታገላታል። ልጅቷ ከእጁ አፈትልካ በድንጋይ ትመታዋለች፤ ድንጋዩም ጉበቱን አግኝቶት ይሞታል። ወደ ቤተሰቦቿ ተመልሳ የሆነውን ስትነግራቸው ጉዳዩን ወደ ዑመር ያደርሱታል። ዑመርም ወደ ቦታው ሰው ልከው የሁለቱን ዱካ ካረጋገጡ በኋላ ነው ሟቹ የአላህ ግዳይ እንደሆነ፣ ዲያውም ፈጽሞ እንደማይከፈል የፈረዱት። ከዚህ ዘገባ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፍርዱ ነው። ለእኔ ግን ከፍርዱ ባልተናነሰ የሚከብደው የተላከው ሰውና የተገኘው ዱካ ነው። ዑመር የልጅቷን ቃል አልናቁም፤ ቃሏን ብቻ ይዘውም አልፈረዱም።

ማስረጃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ሌላው ጉዳይ በኢማም ማሊክ ሙወጧእ ውስጥ ይገኛል። በሻም አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ሌላ ወንድ አግኝቶ ይገድላል። ሙዓዊያ ፍርዱ ስለከበዳቸው ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጽፈው ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) እንዲጠይቁላቸው ያደርጋሉ። ዐሊይ ጥያቄው በእርሳቸው ምድር የተፈጸመ ነገር እንዳልሆነ ስለተረዱ ከየት እንደመጣ ይነገራቸው ዘንድ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ካወቁ በኋላም ገዳዩ አራት ምስክሮች ካላቀረበ ለሟቹ ወገኖች ተላልፎ እንዲሰጥ ይፈርዳሉ። ከዚህ በፊት ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) በዚሁ ጉዳይ ላይ አራት ምስክር እስካመጣ ድረስ ሰውየውን ልተወው ወይ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ‹አዎን› የሚል መልስ አግኝተው ነበር። በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። የሁዘይሉን ሰው የገደለችው ልጅ እየተፈጸመባት የነበረውን ጥቃት በእጇ ባገኘችው ድንጋይ መከተች፣ ዱካውም መሰከረላት። የሻሙ ሰው ግን በቁጣ ተነሥቶ ገደለ፣ ምስክርም አልነበረውም። ‹ክብሬን ተከላከልኩ› የሚለው ቃል ሁለቱን ጉዳዮች አንድ አያደርጋቸውም።

አለመከላከልስ? የዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ይገባል። በ35 ዓመተ ሂጅራ ቤታቸው ተከቦ ሳለ ሊከላከሉላቸው የተነሡትን ሰዎች ከለከሉ፤ ከባሪያዎቻቸውም መሣሪያውን የጣለ ነጻ እንደሆነ ማወጃቸው ተዘግቧል። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ከዚህ ታሪክና በአል-ማኢዳህ 28ኛው አያህ ከተወሳው፣ ወንድሙን ለመግደል እጁን ካልዘረጋው የአደም ልጅ ታሪክ በመነሣት፣ አጥቂው ሙስሊም በሆነ ጊዜ ነፍስን መከላከል የተፈቀደ እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ ወስነዋል። ሐነፊዮች ግዴታ ነው ይላሉ። የሴት ልጅን ክብር ከደፋሪ መከላከል ግን በሻፊዒዮችም ዘንድ ዋጂብ ነው፤ ገንዘብን መከላከል ደግሞ በመሠረቱ የሚፈቀድ እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ገንዘቡን አሳልፎ ሰጥቶ ነፍስ ያተረፈ ሰው በሸሪዓ ፊት የሚነቀፍበት አንዳች ነገር የለም። ይህን ለወጣቶች መንገር ያስፈልጋል።

የኩፋው በትር

ከፉቀሃእ ሁሉ የቦታና የጊዜን ጉዳይ በግልጽ ያወጡት ኢማም አቡ ሐኒፋ (150 ሂ.) ናቸው። አል-መርጊናኒ (593 ሂ.) በሂዳያ ላይ ያብራሩት አቋማቸው በአጭሩ ይህ ነው። ሌላው ላይ ሰይፍ የመዘዘ ሰው፣ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ ከተማም ሆነ ከከተማ ውጭ፣ ቢገደል ገዳዩ አይጠየቅም፤ ሰይፍ ጊዜ አይሰጥምና። በትር ያነሣ ሰው ግን ይለያል። ሌሊት በከተማ ውስጥ፣ ወይም ቀን ከከተማ ውጭ ባለ መንገድ ላይ ከሆነ ፍርዱ እንደ ሰይፉ ነው። በቀን ብርሃን በከተማ ውስጥ ከሆነ ግን አጥቂውን በመሣሪያ የገደለው ሰው ቂሷስ አለበት። ምክንያቱ በትር ፋታ ይሰጣል፤ በቀን በከተማ ደግሞ ለጩኸት የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ሌሊት ሰው ተኝቷል፤ በበረሃ መንገድ ላይም ሰው የለም። ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ በትሩ ወዲያው የሚገድል ዓይነት ከሆነ እንደ ሰይፍ ሊታይ እንደሚችል ተከራክረዋል።

አቡ ሐኒፋ የኖሩት በኩፋ ነው፤ ገበያ፣ ሠፈርና መስጊድ በተቀራረቡባት በዚያች ታላቅ ከተማ። ፍርዳቸው የከተማ ሰው ፍርድ ይመስለኛል። ጎረቤት እንዳለ፣ ጩኸት እንደሚሰማ፣ ደራሽም እንደሚኖር ታሳቢ አድርገው የአንድ ሰው የመግደል ፈቃድ እዚያ ላይ እንዲያበቃ አደረጉ። ይኸው መዝሀብ አእምሮውን የሳተ ሰው ሰይፍ መዞ ቢመጣ መከላከሉን ፈቅዶ፣ ነገር ግን ከተገደለ ዲያው ከገዳዩ ገንዘብ እንዲከፈል ይወስናል። የእብዱ ድርጊት ወንጀል ስላልሆነ የነፍሱ ክብር አልተነሣም፤ ተከላካዩም በግዴታ ውስጥ ስለገባ አይቀጣም፤ ኪሣራው ግን ይቀራል። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (204 ሂ.) በበኩላቸው አጥቂነቱን ብቻ በማየት እዚህም ኪሣራ የለም ብለዋል።

የሻፊዒዮች መንገድ በአንቀጽ የተደረደረ መሰላል ነው። ኢማም አን-ነወዊ (676 ሂ.) በሚንሃጅ ባቡን ሲያጠናቅሩ አጥቂን በሚቻለው ቀላል መንገድ መመከት ግድ እንደሆነ አስፍረዋል። በንግግር ወይም ለእርዳታ በመጮህ የሚመለስን መምታት ሐራም ነው፤ በእጅ የሚመለስን በጅራፍ፣ በጅራፍ የሚመለስን በበትር፣ አካል በመጉዳት የሚመለስን በመግደል መመከት እንደዚሁ። ተከላካዩ ሸሽቶ ማምለጥ ከቻለ በመዝሀቡ ጠንካራ አቋም መሸሹ ዋጂብ፣ መጋደሉ ሐራም ነው። ማሊኪው ኸሊልም በሙኽተሶራቸው ነገር ለሚገባው አጥቂ ማስጠንቀቂያ እንዲቀድም፣ ያለ ችግር መሸሽ የቻለም እንዳያቆስል አዘዋል። ሽሽት በእኛ ባህል የፈሪ ስም ስለሚያሰጥ ይህ መስአላ ሲቀራ ደረሳው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ኪታቡ ላይ የተቀመጠው እንዲህ ነው።

ፉቀሃእ ግን በክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው የማይሆን ሕግ አላወጡም። አል-ኸጢብ አሽ-ሺርቢኒ (977 ሂ.) በሙግኒል ሙሕታጅ እንደገለጹት፣ ደረጃውን መጠበቅ የሚፈለገው ፍልሚያው ተቀላቅሎ ከቁጥጥር እስኪወጣ ድረስ ነው። በበትር መመለስ የሚቻልን አጥቂ የሚመክት ሰው ከሰይፍ በቀር በእጁ ከሌለም በሰይፉ ይጠቀማል፤ በትር ባለመያዙ አይወቀስም። ወሰኑ የተሠራው ለተደናገጠ ሰው ጭምር ነው፤ ሆኖም ድንጋጤን ለፈቃድ በቂ አድርጎ አልተቀበለም።

ከወሰን ያለፈ ምት

ኢብኑ ቁዳማ (620 ሂ.) በሙግኒ ያቀረቡት ስሌት የዚህን ባብ መንፈስ ከምንም በላይ ያሳያል። አጥቂ መጣ እንበል፤ ተከላካዩ መትቶ ቀኝ እጁን ቆረጠው። አጥቂው ዞሮ ሲሸሽ ተከትሎ እግሩን ቆረጠው። እጁ በመከላከል ስለተቆረጠ ኪሣራ የለበትም፤ እግሩ ግን ጥቃቱ ከቆመ በኋላ ስለተቆረጠ ያስጠይቃል። ሰውየው ከሁለቱ ቁስሎች የተነሣ ከሞተ ግማሽ ዲያ ይከፈላል። እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ዳግመኛ ለማጥቃት ተመልሶ፣ በመከላከል ሁለተኛ እጁ ቢቆረጥና ቢሞት ደግሞ የሚከፈለው የዲያው ሢሶ ነው፤ ከሦስቱ ቁስሎች ያለ አግባብ የደረሰው አንዱ ብቻ ነውና። በዘመናችን ጆሮ ስሌቱ ቀዝቃዛ መስሎ ሊሰማ ይችላል። የሚያስተምረው ግን ጥቃት እንደ አንድ ጥቅል ነገር እንደማይታይ፣ እያንዳንዱ ምት በራሱ ሰዓት እንደሚመዘን፣ አጥቂው በዞረባት ቅጽበት ደሙ እንደገና ክቡር እንደሚሆን ነው። በአል-በቀራህ 194ኛው አያህ የወሰን አላፊ ምላሽ በወሰን ማለፉ ልክ እንዲሆን የተደነገገው እዚህ በአጥንትና በሥጋ ተለክቷል።

ኢብኑ ቁዳማ ከራሳቸው አቋም ጋር የሚጋጭ ዘገባም አልሸሸጉም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ቤታቸው የገባ ሌባ አግኝተው ሰይፍ እንደመዘዙ፣ ሰዎች ባይይዟቸው ኖሮ ይመቱት እንደነበር ተዘግቧል። ኢብኑ ቁዳማ ግን ያለ ግድያ ሊወጣ የሚችልን ሰርጎ ገብ መግደል አይፈቀድም ብለው፣ የኢብኑ ዑመርን ድርጊት ለማስፈራራት እንደሆነ ተርጉመውታል። ትርጓሜው ዘገባውን ትንሽ ሳይጫነው አልቀረም። ቢሆንም አቋማቸው ከሌሎቹ ማስረጃዎች ጋር የተስማማው ነው።

በማስረጃ በኩልም እንዲሁ ጥብቅ ናቸው። ሰው ገድሎ ‹ቤቴን ሰብሮ ገብቶ ነው› የሚል ሰው ያለ ማስረጃ አይታመንም፤ ሟቹ በሌብነት የታወቀ ቢሆንም ባይሆንም። ምስክሮች ሟቹ መሣሪያ መዞ ወደ ገዳዩ ሲመጣ አየን ካሉ ደሙ ከንቱ ይሆናል። ሲገባ ብቻ አየን፣ መሣሪያም አላየን ካሉ ግን አይበቃም። በስመ ጥፋት መታወቅ ሰውን የማንም ግዳይ አያደርገውም ማለት ነው።

አን-ነወዊ ይህን ባብ ያስቀመጡበት ቦታም ልብ ሊባል ይገባዋል። በሚንሃጅ አርእስቱ ‹የጥቃትና የሹማምንት ተጠያቂነት ኪታብ› የሚል ነው። አጥቂን ስለመመከት ካስረዱ በኋላ፣ ገዥ ወይም ቃዲ በተዕዚር ሲቀጣ ሰው ቢሞትበት ስላለበት ኪሣራ ይቀጥላሉ። ግለሰቡ በአደጋ ሰዓት የሚይዘውን ኃይልና ሹሙ በሥልጣኑ የሚይዘውን ኃይል በአንድ ኪታብ ጣራ ሥር ማኖራቸው ትርጉም ያለው ይመስለኛል። ሁለቱም የተፈቀደላቸው ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ነው፤ ሁለቱም ካለፉ ይጠየቃሉ።

በሀገራችን

በኢትዮጵያ ይህን ባብ የሚያስቀሩ መሻይኾች ጉዳዩን ፈራጆች አይደሉም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 የእነዚህን ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በወቅፍ፣ በስጦታ፣ በውርስና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አድርጎታል። የነፍስ ጉዳይ የሚዳኘው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 የመከላከልን መብት ሲደነግግ ጥቃቱ ከሕግ ውጭና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ እንዲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል እንዲሆን፣ መከላከያውም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ዋጋ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን አንቀጽ ከሚንሃጅ ጎን አስቀምጦ ያነበበ መምህር ባይተዋርነት አይሰማውም። ምንጫቸው የተለያየ ነው፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ተቀራራቢ ነው።

ልዩነቱ የሚጎላው በአንቀጽ 79 ላይ ነው። መከላከል ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት፣ ያለፈውም በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ምክንያት ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ ጭራሹን ሳይቀጣ እንዲቀር ሕጉ ለዳኛው በር ይከፍታል። ፊቅሁም ከቁጥጥር ለወጣ ፍልሚያ ቦታ እንዳለው አይተናል። ነገር ግን ያ ሁኔታ ካለፈ በኋላ የተመታው ምት፣ የሸሸው ሰው ላይ ያረፈው ዱላ፣ በእነ ኢብኑ ቁዳማ መዝገብ ኪሣራ ሆኖ ይቆያል። ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው ሙስሊም ወደ ኢማሙ መጥቶ ‹ጨርሻለሁን?› ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከዚህ ይነሣል። አጥቂው እጁ ላይ ኃይል እያለ የሞተ ከሆነ የሟቹ ደም አይጠየቅበትም፤ ሰላትና ዱዓ ከማድረግ በቀር የሚታዘዘው ነገር የለም። ከዞረ በኋላ፣ ከወደቀ በኋላ ወይም ከታሰረ በኋላ የሞተ ከሆነ ግን የወራሾቹ ሐቅ የዳኛው ብይን ስለተሰጠ አይወድቅም። ወራሾቹ ይቅር ካላሉ ዲያው አለበት፤ ግድያው ሆን ተብሎ ካልሆነም በአን-ኒሳእ 92ኛው አያህ የተደነገገው ከፋራ፣ በዘመናችን የሁለት ወር ተከታታይ ጾም፣ ይከተለዋል።

በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ መሻይኾችና አበጋሮች የሟችን ቤተሰብ ለማስታረቅ ሲነሡ ይህን ልዩነት ማጣራት ይጠቅማቸዋል። ዱካው ወዴት ነበር? የመጨረሻው ምት ሲያርፍ ሟቹ ፊቱን ወዴት አዙሮ ነበር? ቢጮህ የሚደርስ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም? ሌሊት በተራራ መካከል ለብቻዋ ያለች እረኛ የደረሰባትን ጥቃት በመከተችበትና፣ እኩለ ቀን በከተማ ገበያ መካከል ብዙ ሰው ከብቦ በገደለበት ጉዳይ የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ለሁለቱ አንድ አይሆንም።